ቡናማ ውሃ የሚያለቅሰው አግዳሚ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የሆነ ነው። ግንቦት ላይ በሐይቁ ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት ደንበኛ ሁለት ጣውላ በባጃጅ አስጭና መጣች። ርዝመታቸው 2 ሜትር፣ ስፋታቸው 14 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንደኛው ገጻቸው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጫጭን ቦይ ተስቦበታል። ከተፈታ የበረንዳ ወለል የተረፉ መሆናቸውን ቦዩ ይናገራል። «ቲክ ነው ብለውኛል፤ ውሃ አይነካውም» አለች። ቲክ ለደጅ ዕቃ የሚመረጥ የውጭ እንጨት ነው። ሥራ ቤቱም ቃሏን ተቀበለ።

ጣውላዎቹ ወደ 1.80 ተቆርጠው፣ በዋንዛ እግር ላይ በተራ ምስማር ተመትተው አግዳሚ ወንበር ሆኑ። ቦዩ ወደ ታች ዞረ፣ ላዩ ተላገ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈተገ፣ የተልባ ዘይት ተቀባ። ሥራው ሲያዩት ያምራል። አግዳሚው ነጭ ሴራሚክ በለበሰ በረንዳ ላይ፣ ጣሪያው በማይደርስበት በኩል ተቀመጠ። ሰኔ ገባና ዝናቡ ከጣና በኩል ሁለት ሌሊት ሲወርድ አደረ። በሦስተኛው ቀን ደንበኛዋ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ የኔን እንጨት ወስዳችሁ ርካሽ ጣውላ በቀለም ነክራችሁ ነው የሰጣችሁኝ» አለች ገና ከበሩ። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየች። ከአግዳሚው ሥር ሴራሚኩ፣ በተለይም መጋጠሚያው ላይ ያለው ስሚንቶ፣ ሻይ የተደፋበት መስሏል። በየምስማሩ ራስ ዙሪያ ደግሞ ቀለበት የሚያህል ጥቁር ክብ ወጥቷል።

ክሱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ነጣ ያለ እንጨት ቀለም አጠጥቶ «ዋንዛ ነው» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ስለዚህ ሽማግሌው አናጺ ክርክር አልገጠሙም። «ይቀመጡ እህቴ፣ እንየው» አሉና ተለማማጁን ልጅ ከጣውላዎቹ የተረፈውን ቁራጭ ፈልግ ብለው ላኩት። ከሁለቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች አንዱ ወደ ምድጃ ሄዷል። አንዱ ግን ከማዕዘኑ ክምር ሥር ተገኘ።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው። ቁራጩ ከመሃሉ በመጋዝ ለሁለት ተከፈለ። ቀለም የተነከረ እንጨት ቀለሙ ከውጭ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ ይቆምና ውስጡ ነጣ ብሎ ይታያል። ይሄኛው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀይ ቡናማ ነው። ክሱ እዚህ ላይ ወደቀ፤ ጥያቄው ግን ቀረ። እንጨቱ ቲክ ከሆነ ለምን እንዲህ ያለቅሳል?

ልጁ «ጥቁር እንጨት ይሆናል» አለ። ግምቱ የሚያሳፍር አይደለም። ጥቁር እንጨት ስሙ ቢያሳስትም ውስጡ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጥቁሩ ሌላው፣ ዞጲ የሚባለው ነው። ቀለምን ብቻ አይቶ ለሚፈርድ ሰው ቁራጩና ጥቁር እንጨት ወንድማማች ይመስላሉ። የእንጨት ቀለም በፀሐይ ይለወጣል፣ በዘይት ይጠቁራል፣ ከአንድ ዛፍ በወጡ ሁለት ጣውላዎች ላይ እንኳ ይለያያል። ዛፉ የማይደብቀው በጫፉ ላይ ያለውን ነው፤ እንጨት ተጋድሞ ሲቆረጥ የሚታየውን፣ ውሃ ይወጣባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ያሉበትን ገጽ።

እዚህ ላይ ልጁ ብዙዎች የሚሠሩትን ስሕተት ሠራ። ጫፉን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አመጣና «ቀዳዳ የለውም» አለ። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ጫፉን ይቧጭረዋል እንጂ አያጠራውም። ሰጋቱራው ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ትልቅ ቀዳዳ ያለው እንጨት ደቃቅ መስሎ ይታያል። ደንቡ መቁረጥ ነው። ጫፉን ጥቂት ደቂቃ በውሃ ማራስ፣ አዲስ ምላጭ ወይም በደንብ የተሳለ መሮ ጋደም አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ የጥፍር ስፋት ያህል ቦታ በአንድ ጉዞ መላጥ። ጣት እንዳይቆረጥ ቁራጩን በእጅ ይዞ ሳይሆን በማሰሪያ ጠፍሮ ነው። የተላጠውን ቦታ ሰዓት ሠሪዎች በሚጠቀሙበት 10 እጥፍ በሚያጎላ መነፅር፣ በመስኮት ብርሃን ማየት። መነፅሩ ለዓይን ይጠጋል፤ የሚቀርበውና የሚርቀው እንጨቱ ነው።

የታየው ይህ ነው። ቀዳዳዎቹ ትልልቅ፣ ያለ መነፅርም የሚታዩ፣ በመላው ገጽ ላይ ያለ ሰልፍ የተበተኑ ናቸው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ነጣ ያለ ሥጋ ግራና ቀኝ ሹል ሆኖ ወጥቶ የዓይን ቅርጽ ሠርቷል። ከቀዳዳዎቹም ብዙዎቹ እንደ ድኝ ብጫ በሆነ ነገር ተሞልተዋል።

ሁለት ግምቶች እዚያው ሞቱ። ቲክ በየዕድገት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ትልልቅ ቀዳዳዎችን በቀለበት ያሰልፋል፤ ሲነኩት ሰም ሰም ይላል፣ ሲላጉት ያረጀ ቆዳ ይሸታል። እዚህ ሰልፍም ሰምም ሽታም የለም። የጥቁር እንጨት ቀዳዳዎች ደግሞ ያለ መነፅር ለማየት የሚያስቸግሩ ደቃቆች ናቸው።

ቀጥሎ ክብደት። ቁራጩ ቦዩ እስኪጠፋ ተላግቶ 10 በ5 በ2 ሳንቲ ሜትር ተደረገ። ይህ ልክ የተመረጠው 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሚሞላ ነው፤ ሚዛኑ ያነበበው ግራም ለ100 ሲካፈል ጥግግቱ፣ ማለትም የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ክብደት በግራም፣ ያለ ሒሳብ ማሽን ይወጣል። ከጎረቤት ቅመማ ቅመም ቤት የተዋሱት ሚዛን 83 ግራም አለ፤ 0.83 ማለት ነው። ቲክ በዚህ ልክ 65 ገደማ ይመዝናል፤ ዋንዛ 50 ገደማ ወይም ከዚያ በታች፤ ወይራ ከ90 ያልፋል፤ ዞጲ ከ100 ስለሚበልጥ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። እርጥብ እንጨት ግን ሚዛኑን ያዛባል። ይሄኛው ወር ሙሉ ከጣሪያ ሥር ስለቆየ ነው የታመነው። ሚዛን የሌለው ሰው 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ቀጥ ያለ ቁራጭ ራሱ በተቆረጠ ሃይላንድ ውሃ ውስጥ አቁሞ መስመጫውን ቶሎ ያስምር። 16 ሳንቲ ሜትሩ ከሰጠመ 0.8 ነው።

ጉዳዩን ለደንበኛዋ ያስረዳት ግን መነፅሩም ሚዛኑም አይደለም። ሽማግሌው «እህቴ፣ ሦስት ሲኒ ያስመጡልኝ» አሉ። በአንደኛው ሲኒ የአጠራጣሪው እንጨት ሰጋቱራ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በሁለተኛው የእግሩ ዋንዛ ሰጋቱራ በዚያው ልክ ተደረገ፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። በሦስቱም ላይ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ ፈሰሰ። ባዶው ሲኒ የተቀመጠው «ውሃው ነው» የሚል እንዳይመጣ፣ የዋንዛው ደግሞ «እግሩ ነው» የሚል እንዳይመጣ ነው። ሰጋቱራው ከንጹሕ፣ ዘይት ካልነካው ውስጥ መውጣት አለበት፤ መጋዙም አስቀድሞ መጠረግ አለበት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የመጀመሪያው ሲኒ ብጫ፣ ከዚያ የሻይ ቀለም ሆነ። ሴትየዋ ሲኒውን አንስታ ከፎቶው ጋር አስተያየችው።

በነገራችን ላይ ይኸው የውሃ ፈተና ለሌላም ይጠቅማል። ፕቴሮካርፐስ ከሚባለው የዛፍ ወገን የሆኑ አንዳንድ እንጨቶች የተዘፈዘፉበት ውሃ ፀሐይ ላይ ሲያዙት ሰማያዊ ጮራ ይሰጣል፤ ያየ ሰው አይረሳውም። የዚህ ሲኒ ውሃ ግን ቡናማ እንጂ ሰማያዊ የለበትም። ልጁ በምላሱ ሊቀምስ ሲል እጁን ተመታ። ብዙ የውጭ እንጨት ሰጋቱራው አፍንጫንና ቆዳን ያሳክካል፤ ሲላግ አፍ መሸፈን እንጂ መቅመስ አያስፈልግም።

ጥቁሩ ክብ ከምስማሩ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን፣ በሻይ ውስጥም የሚገኘው አፍ የሚያኮማትር ነገር፣ ከብረትና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይወጣዋል። አውሮፓ ለዘመናት የጻፈበት ቀለም ይኸው የብረትና የታኒን ውሕደት ነው፤ የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ግን ከጥላሸት የሚሠራ ሌላ ነገር ነው። በሥራ ቤት ለመፈተን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቁራጭ በአቼቶ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት ይበቃል፤ ጋዝ ስለሚወጣው ክዳኑ አይጠበቅ። አንድ ጠብታ እንጨቱ ላይ ሲደረግ ታኒን ካለ ወዲያው ይጠቁራል። ይህ ፈተና ስም አይነግርም፤ ባሕር ዛፍም ይጠቁራል። ምን ዓይነት ምስማር መግዛት እንዳለብን ግን ይነግራል።

የተበተኑ ትልልቅ ቀዳዳዎች፣ ዓይን መሳዩ ቅርጽ፣ ብጫው ነገር፣ 0.83፣ ውሃን ማቅለሙ፣ የበረንዳ ወለል ሆኖ መገኘቱ፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲደመር መርባው ወደሚባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያና የፓስፊክ ደሴቶች እንጨት ይመራል። መርባው ጠንካራ ነው፣ ብዙም አያብጥም፣ አይኮማተርም፣ ለደጅ ይመረጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ግን ቀለሙን ይለቃል። ሽማግሌው ከዚህ አላለፉም። አፍዜሊያ የሚባለው የአፍሪካ እንጨት የመርባው የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱም ዓይኑም ብጫውም አለው፤ በእጅ መነፅር ብቻ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ልዩነቱ ደግሞ ለወሬ ብቻ አይደለም። የአፍሪካው አፍዜሊያ እ.ኤ.አ. በ2022 በፓናማው ጉባኤ በሳይትስ፣ ማለትም ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ስለገባ ጣውላው ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። «መርባው ወይም አፍዜሊያ» ነው መልሱ። አንዱን ቆርጦ መናገር መዋሸት ይሆናል።

የጥገናው መጀመሪያ፣ እድፉን ማንሣቱ፣ ሁለት ቀን ወሰደ። ምስማሮቹ ተነቀሉ። ጥቁሩ ክብ 50 ግራም ገደማ ኦግዛሊክ አሲድ፣ የብረት እድፍ የሚያነሣ ዱቄት፣ በ1 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ ተቀባበት። ባልዲው ፕላስቲክ ነው፣ እጅ ጓንት ለብሷል፣ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይደለም፤ መርዝ ስለሆነም ከልጆች ይራቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ በብዙ ውሃ ታጠበ። ሴራሚኩ በሌላ ቀን በበረኪና ተፈተገ። ሌላ ቀን የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በረኪናና አሲድ ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ከዚያ ጣውላዎቹ ሴራሚክ በሌለበት፣ አፈር ላይ፣ በመሃላቸው እንጨት ገብቶ አየር እንዲያልፍ ተደርገው ዝናብ ላይ ተተዉ። በየጊዜው ውሃ ይፈስባቸውና ጠብታው በነጭ ሳህን ይያዛል። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አግዳሚ የለም። ሲጠራ ደርቀው፣ ጫፋቸው ጭምር ስድስቱም ገጻቸው ዘይት ጠጥቶ፣ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ የማይዝግ ብሎን ታሰሩ። ለብሎኑ መጀመሪያ በትራፓኖ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበሳለት፤ በዚህ ጥንካሬ ላይ ሳይበሱ ማሰር ወይ ብሎኑን ይሰብራል ወይ ጫፉን ይሰነጥቃል።

ደንበኛዋ «ታዲያ ስሙን ጻፉልኝ» አለች። ሽማግሌው ከተመዘነችው ቁራጭ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ «0.83። ብጫ አለው። ሲኒ ያቀልማል። ብረት አይወድም።» ቁራጯ ዛሬ ከረከቦቷ አጠገብ ነው። በነሐሴ ጣውላዎቹን የሸጠላት ነጋዴ «ስድስት ቲክ ቀርቶኛል» ብሎ ሲደውልላት፣ መጋዝና ሁለት ሲኒ ይዛ ሄደች።