የእማዬ መቀነት

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ደብሮኛል፣ ዝናቡ ይሁን ምኑ እንጃ። ሶስት ቀን ሙሉ የለፋሁበትን 9 ገፅ ሪፖርት አለቃዬ "ሰክሲንክት አድርጊው" ብሎ መለሰልኝ፣ በቃ ይቺው ናት፣ ሰላምታ እንኳን የላት። አጭርና ግልፅ ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል ግን ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ቃሉን ጎግል አደረግኩት።

ለካ የልብስ ነገር ነው! ላቲን ነው፣ ሱብ ከስር፣ ሲንገሬ ደግሞ መታጠቅ። ሮማውያን ያንን ረጅም ቱኒካቸውን ስራ ወይ መንገድ ሲኖርባቸው ወደ ላይ ሰብሰብ አርገው በቀበቶ ሸብ ያደርጉታል፣ እንደዛ የታጠቀ ሰው ነው ሱክሲንክቱስ። እንግሊዝኛም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲወስደው መጀመሪያ ለልብስ ነበር፣ ወደ ንግግር የዞረው ኋላ ነው።

እኔ ግን ሮማዊ አልታየኝም፣ እማዬ ናት ድቅን ያለችብኝ። በጠዋት የሀዋሳው አሳ ገበያ አሞራ ገደል አሳ ልትገዛ ስትወርድ ጭቃው እንዳይነካት የቀሚሷን ጫፍ አንስታ መቀነቷ ውስጥ ሽጉጥ፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዛ ትላልቅ ወፎች፣ የአሳ አንጀት እየተሻሙ ቁመታቸው እኔን ያክላል፣ እኔ ከኋላዋ ተለጥፌ፣ እሷ ዞር ብላም አታያቸው። ከዛ "ስንት?" ትላለች። ይነግራታል። "ቀንስ።" አለቀ! ሌላው ሰው ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እግዜር እያወራ ሲከራከር እሷ የመቀነቷን ቋጠሮ በጥርሷ እየፈታች ነው። ከቋጠሮው የማይወጣ የለም፣ በላብ የረጠበ ብር፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ፣ አንዴማ ጠፋ ብዬ ሳምንት ያለቀስኩበት ሎቲ። አግኝታው እንኳን አልነገረችኝም እኮ።

ያቺ መቀነት ግን የት ገባች? ማታ እህቴ ጋ ደወልኩ። "ምን ልታረጊያት ነው በዚህ ሰዓት?" ስትለኝ ስለ ላቲኑ፣ ስለ ቱኒካው፣ ስለ አባ ኮዳው፣ ስለ አለቃዬ ካርዴ እስኪያልቅ ዘረገፍኩላት። ሰምታ ሰምታ "እሺ" አለች፣ ስልኩም ተቋረጠ።

እሷ የእማዬ ልጅ ናት፣ እኔ የማን ነኝ? መቀነቷስ እሷ ጋ ናት ወይስ አይደለችም?