ከግቢው አጥር ባሻገር ያለችው ጅማ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሁለት ቆላ ወርዶ ሁለት ዳገት ይወጣል። የዓባይ በረሃ ለእኛ ለጎጃሞች እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ አድሬ በማግሥቱ ከወልቂጤ በኋላ የጊቤን ሸለቆ ስሻገር ግን ከአገሬ በእርግጥ መራቄ ተሰማኝ። ሰኮሩንና አሰንዳቦን እንዳለፍን ምድሩ እየለመለመ ሄደ፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማ ስንደርስ ዝናብ እየጣለ ነበር።

ዝናቡ ብዙ ጊዜ አስቸገረኝ። በእኛ ዘንድ መስቀል ሲደርስ ሰማዩ ይጠራል፤ ጅማ ግን ጥቅምት ገብቶም ስለሚዘንብ ዶርም ውስጥ የተሰጣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ቋንቋው ያን ያህል አላስጨነቀኝም፤ ግቢ ውስጥ በአማርኛ መኖር ይቻላልና። ይህ ምቾት ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ተማሪን የሚያዘናጋው ዋናው ነገር ነው፦ ካፌውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ የአገር ልጆች ስብስብም ከአጥሩ ውስጥ ስለሚገኙ፣ አንድ ሰው ጅማን ሳያውቅ ከጅማ ሊመረቅ ይችላል።

እኔን ከአጥሩ ያስወጣኝ እኛ ሲቢቲፒ የምንለው በኅብረተሰብ ውስጥ የሚሰጠው ሥልጠና ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋሕደው የተፈጠረ ሲሆን፣ ተማሪን ወደ ነዋሪው የመላክ ልማድ የትምህርቱ መለያ ሆኗል። በቡድን ሆነን መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን፤ የውኃ ምንጩን፣ መጸዳጃውን፣ የአልጋ አጎበሩን እንጠይቃለን፤ ከዚያም ችግሮቹን በቅደም ተከተል አስቀምጠን ከነዋሪው ጋር እንመክራለን።

በአንድ ቤት ያገኘናቸው እናት ግን መጠይቁን ከመመለሳቸው በፊት እኛን ጠየቁን። «ታኢ፣ ቡነ ዹጊ» (ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ) ብለው በርጩማ አቀረቡልኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስም የአባቴን ሥራ፣ የእናቴን ጤና፣ የአገሬን አዝመራ፣ ኦሮምኛ በሚችለው የቡድናችን ልጅ አስተርጓሚነት፣ አንድ በአንድ አጣሩ። በኋላ ስንነሣ «ኢልመ ኮ (ልጄ)፣ ተመልሰህ ና» አሉኝ፤ እኔም የሥልጠናው ጊዜ ካበቃም በኋላ ተመልሼ ሄድሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ማስጠናት ጀመርኩ፤ የጎረቤት ልጆችም ተጨመሩ፤ እነሱ በበኩላቸው የቁቤ ፊደል አስቆጠሩኝ። የዶርም ጓደኞቼ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሲቀላቀሉን ልጆቹ በየትምህርቱ ዓይነት ተከፋፈሉ።

ሕርማታ ገበያን ያየሁት እኒያኑ እናት ዘንቢላቸውን ሳግዝ ነው። የማርና የቡና ዋጋ ክርክራቸውን እንደ አንድ የክፍል ትምህርት ተከታተልሁት። ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደግሞ የወሰዱኝ ልጆቹ ናቸው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ዘመን ማቆየታቸውን ያስረዳኝ፣ ከአስጎብኚው ቀድሞ፣ ያ ማባዛት የሚያስቸግረው ተማሪዬ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሲቢቲፒ ቡድናችን ሌላ ቀበሌ ሲመደብ ጥያቄዎቹን በኦሮምኛ የማንበቡ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። መልሱ ሲረዝም ግን አሁንም ወደ አስተርጓሚያችን ዞር እላለሁ።