«የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው»

የአንድ ድርጅት ድረ ገጽ ሰርተፍኬት (የገጹን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ማስረጃ) ጊዜው ሊያበቃ ሲቃረብ የማሳደሱ ሥራ ለእኔ፣ የመጫኑ ደግሞ ሰርቨሮቹን ለሚያስተዳድሩት አንጋፋ ባለሙያ ተሰጠ። ሰርተፍኬቱ የመጣው ፔም በሚባለው፣ በጽሑፍ መልክ በተቀመጠ የፋይል ዓይነት ነበር፤ ዊንዶውስ ሰርቨር ግን ከነቁልፉ የሚቀበለው ፒኤፍኤክስ በሚባለው፣ ሁሉን አንድ ላይ በይለፍ ቃል ቆልፎ በሚይዝ የፋይል ዓይነት በመሆኑ፣ የግል ቁልፉን፣ ሰርተፍኬቱንና የመካከለኛውን ሰጪ (የፈራሚውን) ሰርተፍኬት ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ፕሮግራም አንድ ፋይል ውስጥ አጠቃልዬ ላክሁና የይለፍ ቃሉን በስልክ ነገርኋቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ደውለው «የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው ይላል» አሉኝ። ፊደል በፊደል ደገምሁላቸው፤ ያው ሆነ። ትልቁና ትንሹ ፊደል ተምታቶ ይሆናል ብለው በቁጥር ብቻ እንዳደርገው አዘዙኝ፤ እያቅማማሁ አደረግሁት፤ አሁንም ያው። እኔ ዘንድ ግን ፋይሉ በዚያው ቃል ይከፈታል።

«ጋሼ፣ ችግሩ ከፋይሉ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ የትኛው ነው?»

«2016 ነው። ምን አገናኘው? የይለፍ ቃሉ ነው እያለ ማሽን ይዋሻል እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

ለመዋሸቱስ ዋሽቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤል 3፣ ቀድሞ ሰርተፍኬቱን በአርሲ2፣ ቁልፉን በትሪፕል ዴስ በተባሉ የድሮ የምስጠራ ስልቶች ያመሰጥር የነበረውን አሠራር ትቶ ሁለቱንም ጠንካራ በሆነው በኤኢኤስ-256 ያመሰጥራል፤ ፋይሉ አለመነካካቱን የሚያረጋግጠውንም ስሌት ከሻ-1 ወደ ሻ-256 አሳድጎታል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ይህን አያነብም፤ የፋይሉን ዓይነት አላውቀውም ማለት ሲገባው ግን፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በይለፍ ቃሉ ያመካኛል።

ወደ ድሮው አሠራር የሚመልሰውን «ሌጋሲ» የሚለውን አማራጭ ጨምሬ ፋይሉን እንደገና አወጣሁት። የይለፍ ቃሉን ግን ሆን ብዬ የመጀመሪያውን፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተቀላቀለበትን አደረግሁት፤ የድሮው ምስጠራ ደካማ ስለሆነም ከተጫነ በኋላ ፋይሉን ወዲያው እንዲያጠፉት ለመንኋቸው። ወዲያው ገባ።

«አየህ፣ አሁን አስተካከልኸው» አሉኝ በደስታ። ቃሉ የመጀመሪያው ራሱ መሆኑን፣ የተለወጠው ምስጠራው ብቻ መሆኑን አስረዳሁ፤ እርሳቸውም በትዕግሥት ሰሙኝ።

በማግስቱ ለኃላፊዎች የተላከው ሪፖርት በግልባጭ ደረሰኝ፦ «የችግሩ መንስኤ፦ የተሳሳተ የይለፍ ቃል። የተወሰደ እርምጃ፦ በላኪው በኩል እንዲታረም ተደርጓል።»