ሁለት ጊዜ የሠራሁት ራምፕ

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት እድሳት ላይ ፎርማን ነበርኩ። ቀለም፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ የሽንት ቤት ቧንቧ። ሥራው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተቆጣጣሪው መጣና «ራምፕ የለውም እኮ፣ ጨምሩበት» አለ። ራምፕ በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ ነው። ጨመርንበት። ሦስት ቀን ነው የፈጀብን።

መግቢያው ሦስት ደረጃ አለው። እያንዳንዱ 16 ሴንቲ ሜትር፣ ሲደመር 48። ከደረጃው ጎን ሁለት ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ ነበረች። እዚያችው ላይ ድንጋይ ደርድረን፣ ሞልተን፣ አርማታ አፈሰስን። ከወለሉ የተረፈ ሴራሚክ ስለነበር እሱን አለበስነው። ሲያዩት ያምራል። ፎቶ ተነሳ፣ ከክፍያ ሰነዱ ጋር ተያያዘ፣ ጊዜያዊ ርክክብም ተደረገ።

ከአሥር ቀን በኋላ ለእርማት ሥራ ተመልሼ ሄድኩ። ጠዋት ካፊያ ጥሎ ነበር። አንድ ሰው በዊልቸር መጡ። ሃምሳዎቹን ያለፉ ይመስላሉ። ሁለት እጃቸው ጎማው ላይ ስለሆነ የሰነድ ፋይላቸውን በጥርሳቸው ነክሰውታል። ራምፑን ለመውጣት ሞከሩ። ግማሽ ሜትር እንደሄዱ የኋላው ጎማ ሴራሚኩ ላይ መንሸራተት ጀመረ። የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች ብድግ አሉ። ጥበቃዎቹ «ያዝ! ያዝ!» እያሉ ሮጡ። በመጨረሻ ከነዊልቸራቸው ተሸክመው አወጧቸው። እሳቸው ምንም አልተናገሩም። ፋይሉን ከአፋቸው አውጥተው የነከሱበትን ቦታ በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሲወጡ ጠብቄ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ስትሠራው ማንን ለካህ?» አሉኝ። ማንንም አልለካሁም። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ። «ሰው ሳልለካ ጨርቅ አልቆርጥም።»

የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የራምፕ ልክ 1 ለ 12 ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር መሄድ ማለት ነው። 48 ሲባዛ በ12፣ 576 ይመጣል። ስድስት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እኔ የሰጠሁት ሁለት ሜትር ነው። ይሄን ሒሳብ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። «ራምፕ» ሲባል ተዳፋት ነገር መሥራት ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ሕጉንም ያን ሰሞን ነው ፈልጌ ያነበብኩት። ያኔ ሥራ ላይ የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ለሚጠቀሙም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ሽንት ቤቱንም ይጨምር ነበር። አዋጁ ከወጣ ያኔ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ በግንባታ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቼ ነበር።

ማፍረስ እንዳለብን ለአለቃዬ ነገርኩት። «ተረክበውናል አይደል?» አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ለጠቅላላ አገልግሎቱ ሰው ነገርኩ። «ራምፕ አለን እኮ፣ በጀቱም ተዘግቷል» አለ። በቃል የምናገረው ሁሉ ሰሚ አላገኘም።

ነገሩን የፈታው ጋሼ ያስገቡት ማመልከቻ ነው። አንድ ገጽ ናት። አንቀጽ 36ን ጠቀሱ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጠቀሱ፣ የራምፑን ርዝመትና ከፍታ በቁጥር ጻፉ። ቁጥሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አለቃዬ ይሄን ሲያውቅ ደስ አላለውም፣ ለጥቂት ሳምንትም አኮረፈኝ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥር ያለው ወረቀት መልስ ይፈልጋል። ኃላፊው ለተቆጣጣሪው መራው፤ ተቆጣጣሪው ለእኛ ደብዳቤ ጻፈ። የመጨረሻ ርክክብ ገና ስላልተደረገ የድርጅታችን መያዣ ገንዘብ፣ ማለትም ከክፍያችን ተቀንሶ እስከዚያ የሚቆየው፣ እነሱ እጅ ነበር። ራምፑ የሥራ ጉድለት ተብሎ ሲመዘገብ አለቃዬም «አፍርሱት» አለ። እንዲህ ዓይነት ችግር ለገጠመው ሰው ሁሉ አሁን የምለው ይሄንኑ ነው። የመጨረሻ ርክክብ ሳይደረግ ጻፍ፣ በቁጥር ጻፍ፣ መዝገብ ቤት አስገባና ቁጥሩን ያዝ።

ማፍረሱ ብቻ አራት ቀን ወሰደ።

ሁለተኛውን ስንሠራ መጀመሪያ ኖራ ነው የገዛሁት። ግቢው ቀጥ ያለ ስድስት ሜትር የለውም። ስለዚህ ራምፑ ሄዶ፣ አርፎ፣ ታጥፎ መመለስ ነበረበት። 2 ሜትር ከ88 ሄዶ 24 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ ማረፊያ አለ፣ ከዚያ ሌላ 2 ሜትር ከ88። መሬቱ ላይ በኖራ አሰመርነውና ጋሼን «እስቲ ይሂዱበት» አልናቸው። ማረፊያውን 1 ሜትር ከ20 አድርጌው ነበር፤ ወረቀት ላይ በቂ ይመስላል። እሳቸው ሊዞሩ ሲሞክሩ የእግር ማሳረፊያቸው መስመሩን አልፎ ወጣ። ወደኋላ ብለው እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ወጣ። ያ መስመር ግድግዳ ቢሆን ኖሮ እግራቸው ነበር የሚጋጨው። 1 ሜትር ከ50 አደረግነው፤ አንዴ ዞሩ፣ አለቀ። ይሄን ሁሉ ያወቅነው በአንድ ከረጢት ኖራ ነው።

ወለሉን ሊሾ አላደረግነውም። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በጠንካራ መጥረጊያ አግድም ስበን ሻካራ አደረግነው። ጠርዙ ላይ ጎማ እንዳያመልጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከንፈር ሠራን። የእጅ ድጋፉን በያጁ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አደረገው፤ ጋሼ ተቀምጠው ሲይዙት ትከሻቸው ተሰቀለ። ሌላ ቧንቧ 70 ላይ ጨመርን። በኋላ እንዳየሁት ያችን ዝቅ ያለች ቧንቧ ሕፃናትም ይይዟታል።

አንድ ነገር ግን ጋሼም አላዩትም፣ እኔም አላየሁም። ከራምፑ ግርጌ የጎርፍ መውረጃ አለ፤ ፍርግርግ ብረት ተደርጎበታል። ዘንጎቹ ወደ መሄጃው አቅጣጫ የተዘረጉ ነበሩ። በተከፈተ በሦስተኛው ቀን የአንዲት ልጅ ዊልቸር የፊት ጎማ መሐሉ ገብቶ ቀረ። ደግነቱ ልጅቷ አልወደቀችም። ፍርግርጉን ነቅለን ዘንጎቹን አግድም አዞርናቸው፣ ክፍተቱንም አጠበብነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ራምፑ ሲያልቅ ሁሉም የሚጠቀምበት መስሎኝ ነበር። አንዲት ምርኩዝ የያዙ እናት በደረጃው ሊወጡ ሲታገሉ አይቼ «እማማ፣ በዚህ በኩል ይሻልዎታል» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ እሱ ይረዝምብኛል፤ ጉልበቴ ቁልቁለትም አይወድም። ለእኔ የምይዘው ነገር ብታደርግልኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሦስት አጭር ደረጃ ከስድስት ሜትር ተዳፋት የሚቀለው ብዙ ሰው አለ። ለደረጃውም በሁለቱም ጎን መያዣ ሠራን፣ የደረጃዎቹን አፍ በቢጫ ቀለም ቀባን። ቢጫው ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ነው።

ሽንት ቤቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። በሩ 70 ነበር፣ ወደ 90 አሰፋነው። ወደ ውስጥ ይከፈት የነበረውን ወደ ውጭ አደረግነው። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን አካሉ ይዘጋዋልና ማንም ሊደርስለት አይችልም። ከመቀመጫው ጎን ብረት ተከልን። ከአንድ ወር በኋላ ሳየው ባልዲና መወልወያ ሞልቶበታል፤ ተቆልፏል። በጣም ተናደድኩ። የጽዳት ሠራተኞቹን ሳናግራቸው ግን ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ማንም ሰጥቷቸው አያውቅም። እድሳቱ ላይ የነበራቸውን ጥግ ያፈረስነው እኛው ነን። ሕንፃው ውስጥ ካለው ደረጃ ሥር መደርደሪያና በር ሠራንላቸው። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤቱ አልተቆለፈም።

በሲሚንቶ የማይሠራም ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ባለጉዳይ የሚጠራው በስም፣ በድምፅ ነበር። መስማት የተሳነው ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ተራው ያልፈዋል። ይሄን የነገረችኝ እዚያው የምትሠራ ልጅ ናት። የወረፋ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየት ጀመሩ። ይሄን ለማድረግ በጀት አላስፈለገም።

አሁን ሌላ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ላይ ስሠራ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ጋሼን እጠራቸዋለሁ። በነፃ አይደለም። ፔሮል ላይ እንደማንኛውም ባለሙያ የቀን ሒሳባቸው ይያዛል፤ መጀመሪያ ላይ «ለምን?» ያሉ ነበሩ፣ አሁን የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ወር አንድ ጅምር ሕንፃ ላይ ወሰድኳቸው። የመግቢያው ግድግዳ ተገንብቷል፣ በሩ ገና አልተገጠመም። የልብስ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ክፍተቱን ለኩት። 78።

«ይሄ ጠቦኛል» አሉ።

ግንበኛውን ጠራሁት። ከምሳ በፊት ብሎኬቱን አፍርሰን አሰፋነው።