የጉዟችንን ፎቶዎች ስለይ

ከቤተሰብ ጉዞ በተመለስን ቁጥር ሁሉም ከተኛ በኋላ ለብቻዬ የምሠራው ሥራ አለኝ። በእኔ ካሜራ፣ በባለቤቴ፣ በእህቴና በልጆቻችን ስልኮች የተነሡትን ፎቶዎች በአንድ ቦታ ሰብስቤ የሚቀመጡትንና የሚወገዱትን እለያለሁ። አድካሚ ቢሆንም እወደዋለሁ፤ በመንገድ ላይ ሳለን በጥድፊያ ያለፍነውን ነገር ረጋ ብዬ የማየው በእነዚህ ምሽቶች ነውና።

በዚህ ጊዜ ከወትሮው ይልቅ ጎልቶ የታየኝ፣ ብዙ ሳላመነታ ከምሰርዛቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ ሰው የሌለባቸው መሆናቸው ነው። ፏፏቴው፣ ጥንታዊው ሕንፃ፣ ከኮረብታው ላይ የሚታየው ሐይቅ፣ ሁሉም በየፈርጃቸው ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ተስማሚውን ብርሃን ሲጠብቁ በዚያ ስፍራ ቀናት የሚያሳልፉ ባለሙያዎች ያነሷቸው፣ ከእኔ እጅግ የተሻሉ ምስሎች በመጻሕፍትም በፖስትካርድም ይገኛሉ። በአንጻሩ አባቴ ባርኔጣቸውን ነፋስ እንዳይወስድባቸው በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው የትንሿን ልጄን እጅ ጨብጠው ከፏፏቴው ፊት የቆሙበትን ቅጽበት ለማንሳት ማንም ባለሙያ አይመጣም። ውኃው ከጀርባቸው ነጭ ጉም መስሎ ይታያል እንጂ መልኩ በቅጡ አይለይም። ቢሆንም ከጉዞው ሁሉ አንድ ፎቶ ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው ይህንኑ ነው።

ይህን ስል ተፈጥሮን ወይም የሰው እጅ የሠራውን ድንቅ ነገር ማንሳት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የአማተር ፎቶ አንሺ ትልቁ ሀብት አብረውት የመጡት ሰዎች በዚያ ስፍራ የሆኑት ነገር ነው ማለቴ ነው። ማን ቀድሞ ሮጠ? ማን ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ? የመግለጫ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው ያነበበው ማን ነው? ይህን አይቶ ለይቶ የሚያውቅ ቤተሰቡ ብቻ ነው፤ ካልተነሣም አብሮ ይረሳል።

ይህ ዕድል ለተራው ሰው የደረሰው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ዘመን መሆኑን ሳስብ እደነቃለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1820ዎቹ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ ከመስኮቱ የሚታየውን ሲያነሣ ብርሃኑ በሰሌዳው ላይ እስኪቀረጽ ረጅም ሰዓታት መጠበቅ ነበረበት፤ የአገሩ ልጅ ሉዊ ዳጌር ፈልስፎት በ1839 ይፋ የሆነው የፎቶ ማንሻ ዘዴም በጅማሬው ደቂቃዎችን ይጠይቅ ስለነበር የሚሮጥ ልጅን በእርሱ ማንሳት የሚታሰብ አልነበረም። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ለገበያ ያቀረበው ኮዳክ ካሜራ 100 ፎቶ የሚያነሣ ፊልም ተሞልቶበት ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ ፊልሙን ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ለፋብሪካው ይልካል፤ ፎቶዎቹ ታጥበውና ታትመው፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ተጨምሮበት ይመለስለታል። በ1900 የወጣው ብራውኒ ደግሞ ለልጆች እንኳ የሚሆን ቀላልና ርካሽ ሳጥን ነበር። ካሜራ የቤተሰብ ሽርሽር ባልደረባ የሆነው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን በ1894 የተወለደው የፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ የዣክ ኦንሪ ላርቲግ ታሪክ ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ በሰጡት ካሜራ ወንድሙን፣ ዘመዶቹንና ጓደኞቹን ሲዘሉ፣ ሲጫወቱ፣ በየመዝናኛው ሲዝናኑ ያነሣ ነበር። ራሱን የሚቆጥረው ሠዓሊ ነኝ ብሎ ስለነበር ፎቶዎቹን በቤተሰቡ አልበም ውስጥ ይለጥፋቸው ነበር። ዓለም በሰፊው ያወቀው ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1963 ሥራዎቹን ባሳየ ጊዜ ሲሆን፣ እርሱ በዚያን ጊዜ ወደ 70 ዓመት ተጠግቶ ነበር። በፎቶዎቹ ውስጥ ሕይወት የሚሰማኝ ልጁ የሚወዳቸውን ሰዎች በቅርብ፣ እንደ አንዳቸው ሆኖ ያይ ስለነበር ይመስለኛል።

ሰውንና ስፍራውን በአንድ ፎቶ ማስማማት ግን መጠነኛ ዘዴ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ተነሺዎቹ እስከ ሕንፃው ግርጌ ሄደው ይቆማሉ፤ አንሺው ደግሞ ሕንፃው ሙሉ በሙሉ እንዲገባለት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ በመጨረሻም ፊታቸው የማይለይ ትናንሽ ነጥቦች ሆነው ይወጣሉ። ሰዎቹ ወደ ካሜራው ቀርበው ሕንፃው ከኋላቸው በርቀት ቢቀር ሁለቱም በግልጽ ይታያሉ። ወደ ተራራ ሲመጣ የሚሠራው ሌላ ዘዴ ነው። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ እይታ ስላለው፣ ቆመን ስናየው ዓይናችንን የሞላው ተራራ በፎቶው ላይ አንሶ ይወጣል። ከሰዎቹ ራቅ ብሎ፣ አቅርቦ በሚያሳይ ሌንስ ማንሳት ግን ተራራውን ከትከሻቸው በላይ መልሶ ያገዝፈዋል። በቡድን ፎቶም ጊዜ በሰፊው ሌንስ ጠርዝ ላይ የሚቆም ሰው ፊቱ ስለሚለጠጥ፣ አባቴን ሁልጊዜ ወደ መሐል አስገባቸዋለሁ።

የብርሃኑ ነገር አጭር ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን ዓይን በቅንድብ ጥላ ሥር ይሰወራል። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ግን ብርሃኑ በአየሩ ውስጥ ረጅም መንገድ ሲያልፍ ሰማያዊው ስለሚበተን ፊት ሞቅ ባለ ቀለም ይታያል። ልጆችና አረጋውያን ይዞ የሚጓዝ ሰው ሰዓቱን እንደ ልቡ መምረጥ ስለማይችል፣ በቀትር ሁሉንም ወደ ዛፍ ጥላ መጥራት ይበቃል።

ባለቤቴ አንዳንድ ጊዜ «ካሜራውን ተወውና አብረኸን እይ» ትለኛለች፤ ቃሏንም አከብራለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊንዳ ሄንከል በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በሙዚየም ውስጥ ዕቃዎችን ፎቶ ያነሱ ተሳታፊዎች በዓይናቸው ብቻ ካዩት ይልቅ ያነሱትን በኋላ የማስታወሳቸው መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። ሆኖም የዕቃውን አንድ ክፍል ለይተው አቅርበው ሲያነሱ ትውስታቸው አልተጎዳም። ከዚህ በመነሣት አዲስ ስፍራ ስንደርስ በመጀመሪያ ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ዝም ብለን እናያለን፤ ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ ከጠቅላላው አንድ ነገር ብቻ መርጦ እንዲያነሣ እጠይቃለሁ። ትልልቆቹ ሁላችን ወደ ሐውልቱ ፈረሰኛ ፊት ስናንጋጥጥ ትንሿ ልጄ የመረጠችው የፈረሱን ኮቴ ነበር። የተነሣው ከእርሷ ቁመት ስለሆነ ኮቴው ግዙፍ ሆኖ ከሰማይ ጋር ይታያል። ስፍራውን በእርሷ ዓይን ያየሁት በዚያ ፎቶ ነው፤ ከእኔ የሐውልቱ ፎቶዎች ሁሉ የእርሷን አስቀርቻለሁ።

የአምስት መሣሪያ ፎቶዎችን በአንድነት መደርደርም የራሱ ጥንቃቄ አለው። እያንዳንዱ ፋይል የተነሣበትን ቀንና ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ ቅደም ተከተሉን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራዋል። ሆኖም ስልክ ሰዓቱን በራሱ ሲያስተካክል የካሜራ ሰዓት ብዙውን ጊዜ በእጅ ካልተስተካከለ ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ሁለቱን አመሳስላለሁ። ብዙዎቹ የመልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች ፎቶውን ስለሚያሳንሱትና ይህንኑ መረጃ ስለሚያጠፉበት፣ ከእህቴ የምቀበለው ዋናውን ፋይል ነው። ሲያበቃም አንዱን ቅጂ ከቤት ውጪ አስቀምጣለሁ።

ቀኑን መሣሪያው ቢይዝም ሌላውን የሚነግረኝ ሰው ነው፤ ለዚህም አባቴን አጠገቤ አስቀምጣቸዋለሁ። ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር በድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበትን ፎቶ ሳሳያቸው፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከዚያ ድረስ ደረጃውን እየቆጠሩ እንደወጡ፣ እህቴ ደግሞ ሳይደክማት የደከማት መስላ ደጋግማ እንዳሳረፈቻቸው፣ እርሳቸውም ይህን እያወቁ ዝም እንዳሉ ነገሩኝ። እኔ በፎቶው ያየሁት ሁለት ተቀምጠው የሚያወሩ ሰዎችን ነበር። የነገሩኝን ቃል በቃል ከፎቶው ሥር ጽፌዋለሁ፤ አሁን የቀሩኝ የሐይቁ ዳር ፎቶዎች ናቸው፤ እነርሱንም ከአባቴ ጋር ሆነን ነገ ማታ እንቀጥላለን።