ታዘበው ክኒን አይውጥም

የውሻችን ስም ታዘበው ነው። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ ያኔ ከወሰን ጎረቤታችን ጋር በአጥር ይካሰሱ ነበር። በእኛ አገር ቅሬታን ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ለውሻ ስም አድርጎ ማውጣት የቆየ ልማድ ነውና፣ አባቴ ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ «ታዘበው! ና ታዘበው!» እያለ ሲጣራ የሚጠራው ውሻውን ብቻ አልነበረም። ጎረቤታችን ይሰማል፤ አይመልስም። በሽማግሌ ከታረቁ በኋላም ስሙ እንደ ሆነ ቀረ። አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ጎረቤታችን ግን እስካለፈው ሁዳዴ ድረስ ውሻውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ «ያ ውሻችሁ» ነው የሚለው።

በመፃጉዕ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ታዘበው ከማደሪያው አልወጣ አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጠዋቱ ብርድ ሰውንም ውሻንም ያሰንፋል። እኔም ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት። ረፋድ ላይ ግን ከጓሮ የሠራውን አየሁ፤ ንፍጥ የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ጠረኑ አጥር የሚያዘልል። በበሬሳ ወንዝ ዳር ካለው ኩሬ ሲጠጣ ስንት ጊዜ ተቆጥቼው ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ዓይነ ምድሩን በአጉሊ መነጽር አይቶ «ጃርዲያ ነው» አለኝ፤ ከተበከለ ውሃ የሚመጣ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ። መድኃኒቱ በክብደት ስለሚሰላ ሚዛን ያስፈልግ ነበር። ታዘበውን ተሸክሜ ወጣሁ፤ 79 ኪሎ። ብቻዬን ስቆም 61። ቀሪው 18 ኪሎ እሱ ነው። (የእኔ 61 በዚያ ሁሉ ተራ ጠባቂ ፊት ጮክ ተብሎ መነበቡ ሌላ ጉዳይ ነው።) ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ገደማ አስልቶ፣ ባለ 250 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ7 ቀን ጻፈልኝ። 14 ክኒን። «ተሻለው ብለሽ መሐል ላይ እንዳታቋርጪ» ብሎ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። መጀመሩን እችል እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም።

ሜትሮኒዳዞል የሚለውን ስሰማ ገና ምላሴ ላይ የብረት ጣዕም መጣ። ተማሪ ሳለሁ ራሴ ውጬዋለሁ። ምሬቱ ከጉሮሮ ወርዶ አያልቅም፤ ቀኑን ሙሉ እየተመለሰ ይመጣል። የሚቀምሱት ሁሉ ዝገት ዝገት ይላል። ስለዚህ ከመነሻው የፈረድኩት ለታዘበው ነበር።

እናቴ ግን እኔን በማየት ሳቀች። እሷ የመንዝ ልጅ ናት፤ ያደገችው በኮሶ ነው። በልጅነቷ በየሁለት ወሩ ገና ጎህ ሳይቀድ ተቀስቅሰው በባዶ ሆዳቸው ይደረደሩ ነበር። ተወቅጦ የተዘፈዘፈው የኮሶ አበባ በዋንጫ ይቀርባል። ያስመለሰ እንደገና ይጋታል። የዚያን ቀን ደግሞ እንግዳ አይቀበሉም፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ከጓዳ አይወጣም፤ መጥቶ የሚጠይቅ ካለ «የለም» ይባላል። «እኛን ማን አባበለን?» አለችኝ። የአፄ ቴዎድሮስን እናት ኮሶ ሻጭ እያሉ የሰደቧቸው ሰዎች ራሳቸው ሲጠጡ ከርመው እንደሆነ አስቤ እኔም ሳቅሁ። አገር ሁሉ የሚጋተውን ነገር የሚሸጥ ሰው ምን ያስነቅፈዋል?

ችግሩ ወሩ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ክኒኑን በቁራጭ ሥጋ ወይም በለጋ ቅቤ ጠቅልሎ መስጠት ነበር። በሁዳዴ ግን ቤታችን ውስጥ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ አይብ የለ፤ ልኳንዳ ቤቱም ተዘግቷል። ሰኞ ማታ ክኒኑን በሽሮ በራሰ እንጀራ ጠቀለልኩና አቀረብኩለት። ታዘበው ሽሮውን በላ። እንጀራውን በላ። ክኒኑን ግን ታጥቦ እንደተቀመጠ ስኒ ንጹሕ አድርጎ ሳህኑ መሐል ትቶት ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት በዳቦ ሞከርኩ፤ ያኛውን ወደ አመድ ውስጥ ተፋው።

ማክሰኞ ማታ ትልቁን ስሕተት ሠራሁ። ክኒኑን ወቅጬ በዱቄቱ ላይ ጥቂት ውሃ ጨመርኩና በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ወደ አፉ ጨመቅሁት። የሜትሮኒዳዞል ክኒን ሽፋን ያለው ለካ ለጌጥ አይደለም፤ ሲደቀቅ ምሬቱ በሙሉ ምላስ ላይ ይፈሳል። ታዘበው ራሱን አራገፈ፤ ምላሱን አወጣ፤ ከዚያ አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ነጭ አረፋ፣ ከከንፈሩ እስከ ደረቱ። ከእጄ አምልጦ በበሩ ወጣ።

ከትምህርት ቤት እየተመለሱ የነበሩ ልጆች አዩት። «አበደ! ውሻው አበደ!» የሚለው ጩኸት ከእኛ በር ተነስቶ እስከ አስፋልቱ ለመድረስ ደቂቃ አልፈጀም። እናቴ ነጠላዋን እያጠለቀች ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ያደገችው ጓሳ ከተባለው የመንዝ ደጋ ሣር ምድር ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ የቀልድ ነገር አይደለም። ለሰውም ለከብትም ያሠጋል፤ ጓሳ ላይ ለሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎችም ትልቁ ጠላት ይኸው ከውሻ የሚጋባ በሽታ ነው። ጎረቤታችን ዱላ ይዞ ከች አለ። እኔ በመሐላቸው ቆሜ «ክኒን ነው! ክኒን ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እንዲህ ስል ማን እንደሚያምነኝ እንጃ።

ታዘበው ግን በረንዳው ሥር ወዳለው የውሃ ገንዳ ሄዶ አጎንብሶ ረጅም ጊዜ ጠጣ። አረፋው በሩብ ሰዓት ውስጥ ጠፋ። ጎረቤታችን ዱላውን ዝቅ አድርጎ «ውሃ ጠጥቷል፤ አላበደም» ሲል ሰዉ ተበተነ። በማግስቱ ይህንን ለሐኪሙ ስነግረው አልወደደውም። ያበደ ውሻ አረፋ የሚደፍቀው ጉሮሮው ሽባ እየሆነ ምራቁን መዋጥ ስለሚያቅተው ነው፤ ነገር ግን ውሃ መቅረቡን ብቻ አይቶ መተማመን ሰው ያስገድላል አለኝ። የሚያስተማምነው በዓመቱ የተወጋው የክትባት ካርድ ነው። ካርዱ ነበረን፤ አባቴ ከሞተ በኋላም አላቋረጥንም። ስለ ወቀጣው ደግሞ «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» ብሎ ብቻ ተወኝ። ለጠፉት ሦስት ክኒኖች ምትክ ሰጠኝ።

ረቡዕ ዕንቁላል ገዛሁ። እናቴ በር ላይ አስቆመችኝ። «ውሻ አይጾምም፤ ድስቴ ግን ይጾማል» አለች። ስለዚህ ዕንቁላሉ ጓሮ፣ ሦስት ድንጋይ ላይ፣ በአሮጌ የቲማቲም ጣሳ ተቀቀለ። ሐኪሙ የነገረኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ሦስት ጉርሻ ታዘጋጃለሽ። የመጀመሪያው ባዶ ነው፤ ያምንሻል። ክኒኑ ያለው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛውን አፉ ውስጥ ይዞ ሳለ ሦስተኛውን ከአፍንጫው ፊት ታሳይዋለሽ፤ ወደዚያ ለመድረስ ሲቸኩል ሳያላምጥ ይውጣል።

ሠራ! ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሐሙስ ማታ። በሦስቱ ጉርሻ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ቆጠርኩ። አርብ ጠዋት የመጀመሪያውን ባዶ ጉርሻ ገና ሲያሸት ፊቱን አዞረ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ክኒኑን የያዝኩበት ጣት ሦስቱንም ዕንቁላል ነክቶ ነበር። የእኔ አፍንጫ የማይደርስበት ሽታ ለእሱ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ዕንቁላል ብቻ ሳይሆን እጄን ራሱን ማሽተት ጀመረ። ድሮ እጄን የሚልሰው ውሻ አሁን ይመረምረኛል። የከፋኝ ይህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ብዬ ስሰጠው የነበረው ነገር ሁሉ ውሸት እንደነበረ ያወቀ መሰለኝ፤ እናም ስሙን ማን እንዳወጣለት ያን ያህል ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አርብ ማታ ጓሮ ተንበርክኬ ስለምነው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ለካ ሲሰማኝ ቆይቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ በልመና የሚሆን ነው?»

«ጋሼ፣ እምቢ አለኝ።»

«እምቢማ ይላል። በግስ መቼ እሺ ይላል?»

ሃምሳ ዓመት በግ ያረባ ሰው ነው፤ የትል መድኃኒት ያልጋተው በግ የለም። እጁን ታጥቦ መጣ። ታዘበው ሲያየው ሊያጉረመርም ሞከረ። ጎረቤታችን ግን ከፊት አልሄደበትም። የእኔ ጥፋት አንዱ ያ ነበር፤ ሁልጊዜ ከላዩ ላይ ዓይን ለዓይን ገጥሜ ነበር የምመጣበት። እሱ በጎኑ ዞሮ፣ የውሻውን ጀርባ ከራሱ ጉልበቶች መሐል አስገብቶ፣ ወደ ኋላ እንዳያፈገፍግ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። በግራ እጁ ከላይ በኩል አፈሙዙን ያዘ፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ከክራንቻዎቹ ጀርባ ናቸው። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሲያቀና የታችኛው መንጋጋ ራሱ ላላ አለ። እናቴ ክኒኑን በዘይት ነክራ አቀበለችው። ክኒኑ ከምላሱ ጉብታ ወዲያ፣ ጥልቅ ቦታ ላይ ገባ። አፉን ዘጋለት፤ ጉሮሮውን በጣቱ ወደ ታች አሻሸው፤ በአፍንጫው ላይ እፍ አለበት። ታዘበው አፍንጫውን ላሰ።

«ሲልስ ወርዷል ማለት ነው» አለ ጎረቤታችን።

ሁሉም ነገር ጠላ ከጋን ቀድቶ እስከማቅረብ እንኳን አልፈጀም። እኔ በጣም ረጅም ጊዜ የፈጀሁት ለመለመንና ለማታለል ነው። ከዚያ ጥቂት ውሃ በሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ሰጠነው፤ ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር። ጎረቤታችን አልለቀቀውም ገና። ጆሮውን ከሥር እያሻሸ ጎንበስ አለና «አይዞህ ታዘበው» አለው።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ማንም ምንም አላለም። ቡና ይፈላ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለው የልምድ ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ እሱ መጣ፤ ሰኞ ራሴ ሞከርኩ፤ ማክሰኞ እጄ አልተንቀጠቀጠም። የጠፉትን ተክተን 14ቱን ክኒን ለመጨረስ ከታሰበው ሁለት ቀን ያህል ዘገየን። ተቅማጡ ከቅዳሜ ጀምሮ ቆሞ ነበር፤ አላቋረጥንም። ኩሬው ግን አሁንም በቦታው አለ፤ እንዳይሄድ ጠዋት ጠዋት በገመድ ነው የማወጣው፣ እሱም ይህን አልወደደውም።

ፋሲካ ደረሰ። በግ ታረደ። ሐኪሙ አስጠንቅቆኝ ስለነበር ጉበቱንና ሳንባውን ራሴ አየሁ፤ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ነበሩ። ይህ ጥሬውን ለውሻ ከተጣለ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ይመለሳል። ሳንባውን ጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ለታዘበው ያዘጋጀሁት ከጭኑ የተቆረጠ ሥጋ ነው፤ ቀቅዬ፣ ምንም ሳልጨምርበት፣ በታጠበ እጅ።

አነሳው። ግን እንደ ድሮው እዚያው አልዋጠውም። ይዞት ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ በሁለቱ የፊት እግሮቹ ያዘው። በጥርሱ ለሁለት ሰነጠቀው። አንዱን ግማሽ አሸተተ። ሌላውን አሸተተ። ቀና ብሎ አንዴ አየኝ፤ ከዚያ በላው።