የአባታችንን ፕሩፍ ሳንቲሞች እንዴት ገመትኳቸው?

አባታችን ከተዉልን ነገር ሁሉ ለመካፈል ያስቸገረን አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ውስጡ ሳንቲም ብቻ ነው። አንዳንዱ በክብ ፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ሁሉም የሚመክርህ አንድ ነው፤ ፒያሳ ውሰድና አንጥረኛ ይመዝንልህ። ወሰድኩ። አንጥረኛው ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ አልሸነገሉኝም። "ልጄ፣ እኔ የምገዛው ብሩን ነው፤ ሥዕሉን አልገዛም" አሉኝ። እንግዲያው ሥዕሉን የሚገዛው ማነው፣ በስንትስ ይገዛዋል ብዬ ነው ሥራውን የጀመርኩት።

ፕሩፍ የሚባለው ሳንቲም ለገበያ ተብሎ አይሠራም። የሚሠራው ለሰብሳቢ ነው። ሥዕሉን የሚያትመው ማኅተምም፣ የሚመታው ጠፍጣፋ ብረትም አስቀድመው ይወለወላሉ፣ ከዚያ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ይመታል። ስለዚህ ባዶው ሜዳ መስታወት ይሆናል፣ ከፍ ብሎ የወጣው ሥዕል ደግሞ ብዙ ጊዜ ውርጭ ያረፈበት ይመስላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፕሩፍ የአሠራር ዓይነት እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም። የተቧጨረ ፕሩፍም ፕሩፍ ነው። ዋጋው ነው የሚወርደው።

የኔ መሣሪያ ቀላል ነበር። አንድ አምፖል፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን። ማታ መጋረጃ ዘግቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፌ፣ ሳንቲሙን ከሁለት ጎን ጠርዙን ብቻ ይዤ ከአምፖሉ ሥር ቀስ እያልኩ አዘነብላለሁ። ቀጥ አድርጋችሁ ካያችሁት ሁሉም ያምራል። ስታዘነብሉት ነው ጉዱ የሚወጣው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ብልጭ ይላሉ፣ ያኔ ሰው በጨርቅ እንደጠረገው ታውቃላችሁ። መስታወትነቱን ለመፈተን ደግሞ የጋዜጣ ቁራጭ ወደ ሜዳው አቅርቤ በሜዳው ላይ የሚንጸባረቀው ፊደል ከምን ያህል ርቀት እንደሚነበብ አያለሁ። ጥሩ ፕሩፍ ላይ ወረቀቱን ራቅ አድርጋችሁም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ባለ 10 ብር ሳንቲሞች ነበሩ፣ በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ የወጡት፣ ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ ያለባቸው። ከሩቅ መንታ ናቸው። አምፖሉ ሥር ግን የአንደኛው ሜዳ ጥቁር መስታወት ሆኖ አሞራው ከላዩ ነጭ ብሎ ወጣ፤ ሌላኛው ሜዳውም ሥዕሉም አንድ ዓይነት የሐር ብርሃን ነው ያላቸው። ሚዛኑ አረጋገጠልኝ። የመጀመሪያው 28.28 ግራም፣ ሁለተኛው 25.31። በዚህ ዕትም ፕሩፉ ከተራው ይከብዳል። ሁለቱም 925 ብር ናቸው፣ ከሺህ 925 እጃቸው ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ፕሩፉ ውስጥ 26.16 ግራም ንጹሕ ብር አለ። የዚህ ብር ዋጋ ወለሉ ነው፣ ከዚያ በታች መሸጥ የለበትም። ከወለሉ በላይ ያለውን ደግሞ የሚወስኑት በጠቅላላው የተሠራው ሳንቲም ብዛት፣ የገጹ ንጽሕና፣ ከነሣጥኑና ከነምስክር ወረቀቱ መሆኑ ናቸው።

ታላቅ እህቴ በመካከል ገብታ "አንተ፣ ይሄማ ጠቁሯል እኮ፣ በሎሚ ብናሸው አይሻልም?" አለችኝ። "እትዬ፣ በናትሽ እንዳትነኪው" አልኳት። ብር ሲቆይ ይጠቁራል፣ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለምም ያወጣል፤ ሰብሳቢ ይህን ይታገሣል፣ አንዳንዱማ ይወደዋል። የታሸ ፕሩፍ ግን ተመልሶ ፕሩፍ አይመስልም። ሎሚም፣ አመድም፣ የጥርስ ሳሙናም ለጌጥ ይሁን፣ ለሳንቲም አይሁን። አንድ ነገር ብቻ ነው ያጸዳሁት። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የኖረው ሳንቲም ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ ነገር ነበር፤ እሱ ከፕላስቲኩ የሚወጣ ነው፣ ዝም ካሉት ብሩን ይበላዋል። ንጹሕ አሴቶን የተባለ ማሟሟያ ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ፣ ሳላሽ አወጣሁት። የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ግን አይሆንም፣ ዘይትና ሽቶ ይገባበታል።

በጨርቅ የተጠቀለሉት ማርትሬዛዎች ነበሩ። ወሎ ውስጥ ያላየው የለም። ሁሉም ላይ 1780 ነው የተጻፈው፣ ግን ሥዕሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም በብዙ አገር ሲመታ ኖሯል፤ ቪየና በፕሩፍም ትሠራዋለች። ከኛዎቹ አንዱ ልዩ ሆኖ ያብለጨልጭ ስለነበር ታናሽ ወንድሜ "ይሄ ፕሩፍ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። በሌንስ አየነው። ሜዳውም፣ የንግሥቲቱ ፀጉርም፣ ፊደሉም እኩል ያበራሉ፣ የፀጉሩ ክር ግን ተልጧል፣ የፊደሉ ጫፍ ደብዝዟል፤ ከላይ ጠርዙ ላይ ደግሞ ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠባሳ አለ። ተወልውሎ ነው። ሁሉ ነገሩ እኩል ካበራ ጠርጥሩ። ለጌጥነቱ የከበረ ነው፣ የእናታችን ዘመዶች ያጠለቁት ይሆናል፤ በሰብሳቢ ዓይን ግን ከብሩ ብዙም አያልፍም። ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው።

ያስገረመኝ አንጥረኛው ወደ ጎን የገፉት ነው። 1969 ዓ.ም. የተጻፈበት፣ ፍራንክሊን ሚንት የተባለው የአሜሪካ ሳንቲም ሠሪ የሠራው የአምስት ሳንቲሞች ፕሩፍ ስብስብ፣ ከ1 ሳንቲም እስከ 50። አሉሚኒየም፣ ናስ፣ መዳብና ኒኬል፤ ብር የሚባል የለበትም። እርግጥ ለማቅለጥ ከንቱ ነው። ግን በልጅነታችን ከረሜላ የገዛንበት ያ ባለ 1 ሳንቲም፣ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ፣ እዚህ መስታወት ላይ ቆሟል፤ የሞፈሩ ጫፍ ሳይቀር ይታያል። ልባሱም አልተከፈተም። ማቅለጫ ለማይገባ ሳንቲም ዋጋ የሚሰጠው ሰብሳቢ ብቻ ነው።

ዋጋ ስፈልግ ሻጭ የጠየቀውን ትቼ በኢቤይ የኢንተርኔት ገበያ ተሽጦ ያለቀበትን ብቻ ነው የያዝኩት። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ያውም ፎቶው ላይ የኛን የሚመስል ሁኔታ ያለውን እየመረጥኩ። የሳንቲምን ጥራት መርምረው እስከ 70 ነጥብ የሚሰጡት ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ የተባሉ ድርጅቶች ዘንድ መላክንም አሰብኩበት፤ አሜሪካ ድረስ መላኪያውና ክፍያው ለእንዲህ ያለ ሳንቲም ትርፉን ይበላዋል።

ስንካፈል በቁጥር አልተካፈልንም። ለእያንዳንዱ ወለሉንና ሰብሳቢ የሚሰጠውን ግምት ጎን ለጎን ጽፌ አስቀመጥኩ፣ ሁሉም አይቶ መረጠ። እትዬ ማርትሬዛውን ከነጠባሳው ወሰደች። ወንድሜ ፕሩፉን አሞራ። እኔ ስብስቡን ያዝኩ፤ የደሴ ክረምት ጉምና እርጥበት ስለሆነ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሬ፣ ከግድግዳ አርቄ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።